የለዛ ሽልማት

ዶክተር ወለላ አስናቀ በሀሮቢሌ የምድር ስንጥቅ ጣቢያ ስትቀጠር ገና ሠላሳ አልሞላትም ነበር። ጣቢያው ከከተማው በላይ፣ ከግራሮቹ መሃል የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል መለኪያዎቿ አሉ፤ በሌላኛው መድረኩ። የመለኪያዎቹ ክፍል በር ቁልፍ የለውም። የሚከፈተው ትናንት ማታ ሕዝቡ በሰጣት ውጤት ነው። ውጤቷ ካማረ በሩ ማለዳ ይከፈታል፤ መካከለኛ ከሆነ ከምሳ በኋላ፤ ዝቅ ካለ ያን ቀን አይከፈትም።

ደንቡ ለእሷ ብቻ የወጣ አልነበረም። ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ተመራማሪ ሁሉ፣ ከዋክብትን የሚያጠናውም፣ ስንዴን የሚያጠናውም፣ ሳንባን የሚያጠናውም፣ በየማታው ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ሕዝቡ እጁ ላይ አምባር ያስራል። አምባሩ የሰሚው ልብ መነካቱን፣ መሰልቸቱን፣ መጨነቁን እየለየ ይልካል። ልብ መንካት ያስጨምራል፤ ማሰልቸት ያስቀንሳል፤ ማስጨነቅ በእጥፍ ያስቀንሳል። ጥናቶቹን ራሳቸውን ሰው አያነብባቸውም ነበር። ማሽን ያነብባቸዋል፤ ማሽን ያስቀምጣቸዋል።

ደንቡ ሲወጣ በጎ ሐሳብ ነበረው። ሳይንስ ከሕዝብ ተሸሽጎ ኖረ፣ አሁን ወደ አደባባይ ይውጣ ተባለ። ወለላም ታምንበት ነበር። ሕዝብ የማያውቀው እውቀት ምን ይረባል ብላ ከጓደኞቿ ጋር የተከራከረችበት ጊዜ ነበር።

ሀሮቢሌ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ከከተማው በታች ያሉት የቲማቲም እርሻዎችም ያንኑ ውኃ ሌት ተቀን ይስባሉ። ከሥር ያለው አፈር አመድ የሚመስል ልል አፈር ስለሆነ ውኃው ሲሄድ ባዶ ይቀራል። በላይኛው ሰፈር፣ ከቤቶቹ ጓሮ፣ አንድ ስንጥቅ ነበር። ከላይ ሲያዩት ሰው ዘሎ የሚያልፈው ነው። ከሥሩ ግን ተበልቷል። ኃይለኛ ዝናብ የመጣ ዕለት ዳርቻው ሊደረመስ ይችላል።

ወለላ በመጀመሪያው ማታ ይህንኑ ተናገረች። ሥዕል አሳየች፣ ቁጥር ዘረዘረች፣ ረጋ ብላ አስረዳች። አምባሮቹ መጀመሪያ ሰለቹ፤ ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ ተጨነቁ። በሩ ተዘጋ። ደግማ ደጋግማ ሞከረች፤ በሩ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። መለካት በሚያስፈልግበት በዚያ ወቅት ወለላ በየማለዳው በሩን በመዳፏ እየነካች፣ በመስኮት መለኪያዎቿን እያየች ትመለስ ነበር።

ውጤታቸው ለሚወድቅባቸው የመድረክ አማካሪ ከአዲስ አበባ ይላካል። ለወለላ የተላከላት ኢዮስያስ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ እንቁራሪት ያጠና ነበር፤ ማን እንቁራሪት ሊሰማ፣ ተወው።

«ሕዝቡ ቁጥርሽን ጠልቶ አይደለም» አላት። «ቁጥር ሰው ቤት ገብቶ እንደምን አመሻችሁ አይልም። እንደምን አመሻችሁ የሚል ነገር አምጪ።»

እማማ መሬት የመጣችው እንዲህ ነው። በወለላ ልጅነት ጎረቤታቸው የነበሩ፣ ወገባቸውን ይዘው ሲነሱም ሲቀመጡም የሚያጉረመርሙ አሮጊት ነበሩ። ወለላ ድምፃቸውን አሳምራ ታወጣው ነበር። አንድ ማታ መሬት በእኚህ አሮጊት ድምፅ እንድትናገር አደረገቻት። መሬት እንቅልፍ አጣሁ አለች፤ ቧንቧ ጎኔን ወጋኝ አለች፤ ጎረቤቷን ተራራውን አማች። በማግስቱ በሩ ማለዳ ተከፈተ።

የመድረኩ ዝግጅት በየቤቱ ይተላለፍ ስለነበር በዓመቱ እማማ መሬትን የማያውቅ ቤት አልነበረም። ልጆች እራት የሚበሉት እሷን እየሰሙ ነው። እማማ «ኧረ ወገቤን!» ስትል ልጆቹ ካሉበት ተነስተው ሁለት መዳፋቸውን መሬት ላይ ያደርጉና ያሻሉ። ዘፈንም ነበራቸው፦

እማማ መሬት፣ ወገብሽን ወይ?
መዳፋችን ሞቋል፣ እንሽልሽ ወይ?

ባለሥልጣናት በስብሰባ መክፈቻ ላይ ጎንበስ ብለው ወለሉን ሲያሹ ታዩ። ወለላ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ በእማማ ድምፅ እንድትከራከራቸው ይለምኗት ነበር። በራሷ ድምፅ ከተናገረች ቅር ይላቸዋል።

በሩ በየማለዳው ይከፈት ጀመር፤ ወለላም ትለካ ጀመር። ስንጥቁ ከሥሩ እየሰፋ ነበር። ይህን ስታይ ትጨነቅና ራሷን ታጽናና ነበር። ሕዝቡ ወዶኛል፣ ቀኑ ሲደርስ ይሰማኛል ትላለች። ፍቅራቸውን ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው መስሏት ነበር።

አልፎ አልፎ ነገሩን በእማማ አፍ ልታስገባው ሞከረች። እማማ ልጆቹን ከወገቤ አጠገብ አትጫወቱ ብላ የተቆጣች ዕለት አምባሮቹ ተጨነቁ። ኢዮስያስ ደወለና ቁጣውን በሳቅ እንድትለውጠው መከራት። በሚቀጥለው ማታ እማማ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ስንጥቁን «የእማማ ፈገግታ» አለው። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ እየመጡ አጠገቡ ፎቶ ይነሱ ጀመር። ከተማው ንጣፍ አነጠፈ፣ አግዳሚ ወንበርና መብራት አቆመ። ሙሽሮችም መጡ።

በላይኛው ሰፈር ከስንጥቁ ማዶ የምትኖር ሎሚ ደበሌ የምትባል ሴት ነበረች። በእርሻው ቲማቲም ትለቅማለች። ሲፈን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ከአንድ ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሲፈን መሬት መርገጥ ፈርታ ከአልጋ አልወርድም ብላ ነበር። ሎሚ ለወራት አዝላት ነው የሄደችው። እማማ መሬት ከመጣች በኋላ ግን ልጅቷ አንድ ቀን ማታ ከአልጋ ወርዳ፣ ተንበርክካ ወለሉን አሸች። ከዚያ ወዲያ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ትውል ጀመር።

ሎሚ ልጇን ይዛ ለማመስገን ጣቢያው ድረስ መጣች። ወለላ የዚያን ዕለት ጠዋት ያየችው ልኬት ገና ከዓይኗ አልጠፋም ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ቤታችሁን ልቀቁ ልትላት አሰበች። ልጅቷ ግን ፊቷ ቆማ አፍ አፏን ታያታለች። ይህን ብላት ተመልሳ አልጋ ላይ ልትወጣ ነው። ወለላ ጎንበስ አለችና በእማማ ድምፅ አናገረቻት። ሲፈን ሳቀች፤ ሎሚ አለቀሰች። ሸኝታቸው ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ ከንቲባው ወደ አቶ ሁንዴ ሄደች። የላይኛው ሰፈር ሰው ከዝናቡ በፊት እንዲነሳ ጠየቀች። አቶ ሁንዴ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች ጠየቋት። በዚህ ክረምት የመደርመሱ ዕድል ከሦስት አንድ ነው አለቻቸው።

«እንግዲያው ከሦስት ሁለቱ ምንም አይሆንም ማለት ነው?»

«አዎ። እንደዚያም ማለት ነው።»

አቶ ሁንዴ ብዙ አሰቡ። የገዛ እህታቸው እዚያው ሰፈር ነበረች። በመጨረሻ ሰውን ከቤቱ ለማንሳት የሚያበቃ ቃል እንዳልሰጠቻቸው ነገሯት። ደግሞም «አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል፤ እኔን ማን ይሰማኛል?» አሏት። ይህንን የተናገሩት ከልባቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ወለላ ለለዛ ሽልማት መታጨቷ ተነገራት። የለዛ ሽልማት ሳይንስን ለሕዝብ ላጣፈጡ ወጣት ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚሰጥ፣ አገሩ ሁሉ ተቀምጦ የሚያየው በዓል ነው። በበዓሉ ማታ የሚነገር ንግግር ውጤት አይያዝበትም። ወለላ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሩ ሳይዘጋባት የምትናገርበት ቀን ተገኘ። ንግግሯን አዘጋጅታ ወደ አዲስ አበባ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የአንበጣ ተመራማሪው የአንበጣ ልብስ ለብሶ መጥቷል። የካንሰር ተመራማሪዋ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ዕጢ ግጥም አነበበች፤ ሰው አለቀሰ። ስለ ወባ የሚያጠናው ልጅ ከትንኝ ጋር የሚጨቃጨቅበት ጭውውት ነበረው፤ ወባ በዚያ ዓመት ወደ ደጋ መውጣቷን ግን ከጭውውቱ አስወጥቶታል። ከመጋረጃ ጀርባ ወለላን አግኝቷት የሱም በር ለወር ያህል ተዘግቶ እንደነበር አጫወታት።

የወለላ ስም ተጠራ። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ገባ። ከዚያ ከጀርባዋ ያለው ትልቅ ስክሪን በራ። የበዓሉ አዘጋጆች ሊያስደስቷት ሳይነግሯት ያሰናዱት ነገር ነበር፤ የሀሮቢሌ ሕዝብ ተሰብስቦ ደስታዋን ሲጋራ በቀጥታ ሊያሳዩአት። ሕዝቡ እሷን በስክሪን እያየ የተሰበሰበው የእማማ ፈገግታ አጠገብ ነው። አግዳሚዎቹ ሞልተዋል፤ ልጆች ከፊት ንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሰማዩ ጠቁሯል። ንጣፉም ረጥቧል፤ ከራስጌው ኮረብታ ላይ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ እንደዋለ ወለላ ያወቀችው ያኔ ነው።

ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው። የሀሮቢሌ ሰዎች አሁኑኑ ከዚያ ቦታ እንዲነሱ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መሬቱ ጠንካራ ወደሆነበት ወደ አለቱ ኮረብታ እንዲወጡ፣ መሬቱ ሊደረመስ እንደሚችል ተናገረች። በገዛ ድምፅዋ ነበር የተናገረችው። አዳራሹ ደስ አለው። እንዲህ ያለ አጀማመር ሰምተው አያውቁም። በስክሪኑ ላይ የሀሮቢሌ ሰዎች ሲስቁና እጃቸውን ሲያውለበልቡላት ታዩ። ያን ድምፅ አያውቁትም። እማማ እስክትመጣ ነበር የሚጠብቁት።

ወለላ ሎሚን አየቻት። ሲፈን በእጇ ተይዛ ቆማለች። ያኔ ያላት ድምፅ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባት።

«ልጆቼ» አለች፣ በእማማ መሬት ድምፅ። «እማማን ወገቧን በጣም አሟታል። ተነሱና ወደ አለቱ ሂዱ። እናቶቻችሁን ጎትታችሁ ሂዱ።»

ብዙ ልጆች ተነሱ። እናቶቻቸውን በቀሚሳቸው፣ አባቶቻቸውን በእጃቸው እየጎተቱ መንገድ ጀመሩ። ዛሬ በሀሮቢሌ በሕይወት ያሉ ብዙ ሰዎች በዚያች ቃል የተረፉ ናቸው። ሌሎቹ ልጆች ግን የሰሙት ወገቧን የሚለውን ብቻ ነው። ወደ ስንጥቁ ሮጡ። ዳርቻው ላይ ተንበረከኩና መዳፋቸውን መሬት ላይ አድርገው ያሹ ጀመር። ሲፈን ከእናቷ እጅ አምልጣ ሮጠች።

ወለላ ተነሱ ብላ ጮኸች። በየትኛው ድምፅ እንደጮኸች በኋላ ትዝ አላላትም። ዳርቻው ያለ ብዙ ድምፅ ወረደ፤ መብራቶቹም አብረው ወረዱ። አዳራሹ ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር። ያጨበጨበው ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ፣ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ነው።

ከሞቱት ውስጥ የሚበዙት ልጆች ነበሩ። አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ተመራማሪዋ በወቅቱ አስጠንቅቃለች፣ ከተማው እርግጠኛ ቃል አልደረሰውም፣ አዘጋጆቹ በቅን ልቦና ነው የሠሩት ተባለ፤ ጥፋተኛ አልተገኘም። ውጤት ባይያዝበትም፣ በዚያ ማታ አምባሮቹ የላኩት የልብ መነካት ደግሞ አምባር ከታሰረ ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ነበር።

ኢዮስያስ ወደ ወለላ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ፊቱ ጠቁሯል፤ ሲቀመጥም ሲናገርም አላያትም። ይዞላት የመጣው ዕድሜዋን ሁሉ ስትመኘው የነበረ ነገር ነው። የመለኪያዎቿ በር ለአሥር ዓመት ያለ ውጤት ክፍት እንዲሆን ተፈቅዷል። በምላሹ እማማ መሬት ተመልሳ ልጆቹን ታጽናና፤ እማማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ እንደማትደግመው ትናገር። ሕዝቡ ይህን እየጠየቀ ነው አላት።

«እማማ ሕፃናቱን ገደለቻቸው ብለው የሚያለቅሱ ልጆች አሉ» አለ። «እውነት ነው፣ አሉ። አንድ ሁለቱን እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

«አትደግመውም ብዬ ልንገራቸው?»

ኢዮስያስ ይዞት የመጣውን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ።

«ትደግመዋለች» አለች ወለላ። «ስንጥቁ ወደ ታችኛው ሰፈር እየሄደ ነው።»

እምቢ አለች። ሳምንት ሳይሞላ መለኪያዎቹ ተነቅለው በመኪና ተጫኑ። ሜዳሊያውን ልትመልስ ሞከረች፤ የሚመለስበት ሥርዓት የለም ተባለች። የእማማን ድምፅ አሳምራ የምታወጣ ሌላ ወጣት ተመራማሪ ተገኘች፤ እማማም በወሩ ተመለሰች።

ወለላ ሀሮቢሌ ታችኛው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። ለቅሶ ስትደርስ ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ተነስቶ ቦታ ሰጣት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። አንዳንዶቹ እጇን ስመው አንቺ ባትኖሪ ይሄም አይተርፍም ነበር አሏት። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

ሎሚ ግን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች። እጇ ላይ አምባር አልነበረም። ግቢ ስትባል አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ልጄን ይዤልሽ የመጣሁ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እዚያው ፊትሽ ቆመን?»

«አዎ።»

ሎሚ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ መሬት ትፈራ ነበር» አለች። «ፍርሃቷ ልክ ነበር። አንቺ ነሽ ያስተውሻት።»

ሎሚ አንገቷን አቅንታ አሁንስ ምን ታውቂያለሽ ብላ ጠየቀቻት። ወለላ መለኪያዎቹ ከመወሰዳቸው በፊት ያየችውን ነገረቻት። ስንጥቁ ከመሬት በታች ወደዚህ ሰፈር፣ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር እየመጣ እንደሆነ፤ በሚመጣው ክረምት የመደርመሱ ዕድል እንደገና ከሦስት አንድ እንደሆነ። ሥዕል አልነበራትም፤ በእንጨት መሬት ላይ ጫረችላት። ሎሚ ያልገባትን እየጠየቀች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ነይ ተነሺ» አለቻት።

በጋውን ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ወለላ ስታስረዳ ሰዎች ዓይናቸው ወደ ደጅ ያማትር ነበር፤ ልጆቹ የእማማን ድምፅ አውጪልን ይሏታል። ከዚያ ሎሚ ትናገራለች። ሎሚ ስለ አፈርና ስለ ውኃ አታወራም። ልጄ ከእጄ አምልጣ ነው የሄደችው ብቻ ነው የምትለው። ሰዎቹ ተነሱ። ስለ ሎሚ ብለው ነው የተነሱት፤ ወለላም ይህን ታውቀው ነበር። ከሰፈሩ እኩሌታው ቆርቆሮውንና በሩን ነቅሎ፣ ከብቱን ነድቶ፣ ወደ አለቱ ኮረብታ ወጥቶ ዳስ ጣለ። የቀረው እኩሌታ ባለበት ቀረ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ካለፈው ዓመት የከፋ ነበር። ኮረብታው ላይ ዳሶቹ አፈሰሱ፤ ሕፃናት አሳላቸው፤ ከታች በየጓሮው የቀረው በቆሎ ጠባቂ አጥቶ ጦጣ ጨረሰው። የአንድ ሽማግሌ ጊደር በብርድ ሞተች። ወለላ በየማለዳው ከአለቱ ጫፍ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ አለፈ። መሬቱ አልተነቃነቀም።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ከኮረብታው በታች የቀሩት ሰዎች ሰብላቸውን ይዘው በጤና ነበሩ። የተሰደዱት ቆርቆሮና በራቸውን ተሸክመው ይወርዱ ጀመር። በወለላ አጠገብ ሲያልፉ እንደምን አደርሽ የሚላት አልነበረም። ጊደራቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ብቻ ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ።

«ከሦስት አንድ ያልሽን ይሄንን ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ይሄንን ነው። ከሦስት ሁለቱ እንዲህ ነው።»

ሽማግሌው ሸክማቸውን አንስተው ወረዱ። ከታች፣ ከተመለሱት ሰዎች ቤት፣ የአዲሲቱ እማማ ሳቅ ይሰማ ነበር።

ኮረብታው ላይ የሎሚ ዳስ ብቻ ቀረ። ሎሚ እቃዋን በጆንያ አስራ ደጃፍ ላይ አስቀምጣለች። ወለላ ልታግዛት መጣችና አንዱን ጆንያ በአንድ በኩል ያዘች። ሎሚ ግን አላነሳችም።

«ለከርሞስ?» አለቻት።

ወለላ ጆንያውን ለቀቀችው። መለኪያ የላትም፤ የሚሰጣትም የለም። ስንጥቁ የት እንደደረሰ፣ የዘንድሮው ዝናብ ከሥሩ ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ላይ አልነበረም። ከሦስት አንድ ልትል ፈለገች፤ እንደዚያ ማለት እንኳ አሁን ውሸት ነው።

«አላውቅም» አለች።

ሎሚ ቁልቁል ወደ ከተማው ተመለከተች። ጭስ ከየቤቱ ይወጣል፤ ልጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ከዚያ ጎንበስ አለችና የጆንያውን ማሰሪያ ፈታችው።

«አላውቅም ካልሽማ» አለች፣ ድስቷን እያወጣች፣ «አልወርድም።»